ድስቱን የማትቀምስ ሞግዚት

ጥቅምት 5 ቀን 1971፣ እሑድ

ነገሩ የተበላሸው አጎቴ ጋሼ ገብረትንሣኤ ሊፈርሙ የብዕራቸውን ክዳን ከከፈቱ በኋላ ነው። እስከዚያ ደስ ብሏቸው ነበር። ስማቸውን ይጠብቁ ነበር መሰለኝ።

ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት ይነበባል። ሦስቱ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አራተኛው እሳቸው። አነበብኩ፦ እኔ ከሞትኩ የልጆቼ የሣባና የዘርአይ ሞግዚት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘኪያ አብዱልሰላም ትሁን።

ብዕሩን ከደኑት።

«እስላሟን?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ምን ልታበላቸው ነው?»

ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ሚስታቸው እትዬ ኣምለሰትም ተከተሉ። ዶሮው ተረፈ።

ጥቅምት 6

በዚህ ዕድሜ ኑዛዜ ምን ያደርጋል ይሉኛል... አምና ሲወስዱኝ ጫማ እንኳ አላስጠለቁኝም። ባሌን ቀድመው ወስደውት ነበር፤ አልተመለሰም። እኔ ተፈታሁ። በየሳምንቱ ቀበሌ ሄጄ እፈርማለሁ። አንድ ቀን ፈርሜ ባልመለስስ?

በተያዝኩ ማግስት ጎረቤቶቼ ልጆቹን ቦሌ፣ ጋሼ ቤት ወስደዋቸው ነበር። «ጊዜው አይፈቅድም» ተብለው ከበር ተመለሱ። ግቢው ሰፊ ነው። የጠበበው ጊዜው ነው።

እኛ ሰፈር፣ ገርጂ፣ ዘኪያ በሯን ከፈተች። እስክፈታ ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

ጥቅምት 8

ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ልጆቿን ልታሰልም ነው ተብሏል።

ዘኪያም ሰምታለች። በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፦ «አለምዬ፣ ስሜን አውጪው። በእኔ ሰበብ ከዘመድሽ አትቆራረጪ።»

«ታሳድጊያቸዋለሽ ወይስ አታሳድጊያቸውም?»

«ምን ጥያቄ ነው? ዘርአይ አሁንም እኔ አልጋ ላይ ተኝቷል።»

«እንግዲያው አይወጣም።»

ተቆጥታ ገባች። ትንሽ ቆይታ ሽሮ ላከችልኝ። ረቡዕ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችም።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ጋሼና እትዬ ኣምለሰት ሊመክሩኝ መጡ። ዘኪያንም ጠራኋት። በሌለችበት ለምን ትታማለች?

ጋሼ ግድግዳውን እያዩ፦ «የእስላም ሥጋ በልተዋል ወይስ አልበሉም?»

ሣባ መለሰች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ማንም አልጠየቃትም። «ኧረ እኛ የራሳችን ድስት አለን! እትዬ ዘኪያ አትቀምሰውም። ጨዉን የምቀምስላት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ይበዛብኛል።»

«አንዳንዴ?» አለች ዘኪያ።

እትዬ ኣምለሰት ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

«ማን ነው ታዲያ ሲያርድ የነበረው?»

«ክርስቲያን ነዋ፣ ጋሼ። ለፋሲካ ዶሮ ታቅፌ አራጅ ፍለጋ አገሩን አዳረስኩት። ቦሌ ድረስ መጥቼ የእርስዎንም በር አንኳኩቻለሁ። የሉም አሉኝ።» ቆም አለች። «ሲያስሉ ግን ይሰማኝ ነበር።»



ያን ጊዜ ጋሼ አሳላቸው። አልፈጠርኩትም።

ጥቅምት 13

ተፈረመ። ሦስቱ ጎረቤቶች ፈረሙ። አራተኛዋ እትዬ ኣምለሰት ናቸው፤ ብቻቸውን መጡ። ሲወጡ ዘኪያን፦ «ለገና በጉን እሳቸው ይረዱላችሁ።»

«ቤት ካሉ» አለች ዘኪያ።

ነገ ቀበሌ እፈርማለሁ። ጫማዬን ቀደም ብዬ አጠልቃለሁ።

ጋሼ ይምጡ፣ ይብሉ፣ ልጆቹን ይሳሙ። ከእንግዲህ የማልቀበለው አንድ ነገር ነው፦ ልጆቼን ከበር የመለሰ ሰው፣ በር ስለከፈተችላቸው ሴት እንዲፈርድ።