የትሩፋት አውራጃ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለትሩፋት፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የዚያ አገር ሙቀትስ በረደላችሁ? ባለቤትሽ ጸጋአብ፣ ትንሿ ናዝሬትስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዘንድሮማ ከደህናም በላይ ነን። የልጄን የሚካልን ቪዛ በስልክ «ተሳካ» ብዬሽ መስመሩ ተቆረጠ፤ እንዴት እንደተሳካ ሳልነግርሽ ብቀር ግን ያንቀኛል። ስለዚህ ይህን ጽፌ ለራሷ ለሚካል በእጇ ሰጥቻታለሁ።

እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ እንጂ መጀመሪያ ማመልከቻዋ ተመልሶ ነበር። ፎርሙን የሞላልን የፎቶ ኮፒ ቤቱ አብዶ ነው። አክስቷ የት ነው የምትኖረው ሲለኝ በኩራት ቶሪኖ አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቶሪኖ ነኝ ስትዪን አይደል የኖርሽው። የላክሽው የመኖሪያ ወረቀት ግን ሌላ ይላል። አድራሻው አይገናኝም፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካላስተካከላችሁ ይዘጋል ተባልን። ሚካል ትምህርቴ ቀረ ብላ እህል አልቀምስ አለች። ባሌ ወጋየሁም እህትሽ የደበቀችን ነገር አለ እያለ ነገር ያሸት ጀመር።

የፉሪዋ ጓደኛዬ ገላኔ ናት ያወጣችን። ከወሰኑ ማዶ ፉሪ ተቀምጣ አዲስ አበባ ነኝ ስትል ሁልጊዜ እስቅባት ነበር። ወረቀትሽን አየት አደረገችና «በይ እንግዲህ፣ እህትሽም እንደኔው ናት፤ ውጭ ተቀምጣ በከተማው ስም ትጠራለች» አለችኝ። ያን ጊዜ በራልኝ።

እኛ ስንማር አገር በክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ሀገር በአውራጃ፣ አውራጃ በወረዳ አልነበር የሚከፈለው? ሚካል ስልኳ ላይ ፈልጋ ስታነብልኝ፣ ጣሊያንም ለካ እንደዚያው ነው። ሃያ ክልል አላት፤ ክልሉ ፕሮቪንቻ በሚሉት አውራጃ ይከፈላል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ወረዳ ያለ ኮሙኔ አለ። ያንቺ ኮሙኔ ሳሉዞ፣ አውራጃሽ ኩኔዮ፣ ክልልሽ ፒየሞንቴ ነው። ቶሪኖ የክልሉ ዋና ከተማ ትሁን እንጂ አንቺን አታውቅሽም። ሃያውንም ክልል በቃሌ ይዣለሁ፤ እነሲሲሊንና እነሰርዴኛን ጨምሮ አምስቱ ልዩ ሥልጣን እንዳላቸው ሳይቀር። አብዶ ዘንድ ሄጄ እኔ እየነገርኩት እሱ ሲሞላ «እትዬ ፀሐይ፣ ጣሊያን ኖረው ያውቃሉ እንዴ?» አለኝ።

ኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ላይ አክስትሽ የት ነው የምትኖረው ሲሏት፣ ሚካል ከኮሙኔ እስከ ክልል ዘረገፈችላቸው። ፓስፖርቷን ይዛ የወጣች ዕለት በር ላይ እልልታዬን ሳቀልጠው ጥበቃው ሠርግ ነው ወይ ብሎኛል። ነው አልኩት።

አደራሽን፣ ልጄ ልጅሽ ናት። ጸጋአብን ሰላም በይልኝ፤ ናዝሬትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ወጋየሁ ስለጠረጠረሽ ይቅርታ ይልሻል። ገላኔ «ለመሰሌ ሰላምታ አድርሺልኝ» ብላለች። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቶሪኖ ያለችውን ልጄን ጠብቂልኝ ነበር የምትለው፤ አሁን ሳሉዞንም ኩኔዮንም አጥንታለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ጸሎቴን ወደ ሰው አውራጃ ስልክ ኖሬ፣ እመቤቴ ናት አዙራ ያደረሰችልኝ» ትልሻለች።

እህትሽ ፀሐይወርቅ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.