በጥሬ ጎደሬ ነፍሰ ጡር ለለዩት ሥራ አስኪያጅ

ወለደች! ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ላምባሳ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ! ሴት ናት፤ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም፤ ፀጉሯ ከወዲሁ ጆሮዋን ሸፍኗል፤ ድምፅዋ ወደብ ከሚገባ መርከብ አይተናነስም። እናትየዋም በሕይወት አለች።

ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ጮህኩ። ደስታ ሥርዓት ያስረሳል። አሁን እንደ ደንቡ ልጀምር።

ለክቡር አቶ ዋቲሶኒ ቦላሌቩ
የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ
ግልባጭ፦ ለዓሣ ማጽጃ ክፍል ሴቶች በሙሉ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ለሚያልፍ ሁሉ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ደም ግፊትዎስ? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? በተለይ እንቅልፍዎን እጠይቃለሁ፤ ሰሞኑን ከእኛ ቀድመው ቢሮ ሲገቡና በሩን ከውስጥ ሲቆልፉ እያየን ሴቶቹ ሁሉ ስለ እርስዎ ተጨንቀናል።

እኔን አያውቁኝ ይሆናል። ሳላኒየታ ማታይ እባላለሁ። ሃያ አንድ ዓመት በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ቱና ዓሣ ስገፍፍ ኖሬአለሁ፤ በነጭ ኮፍያና በአፍ መሸፈኛ ውስጥ ሁላችንም አንድ ስለምንመስል አይፈረድብዎትም። ኡናይሲን ግን አይረሷትም። የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ኦገስት ቢሮዎ ቆማ፣ በእርስዎ እስክሪብቶ፣ እርስዎ ባዘጋጁት የሥራ መልቀቂያ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። ማክሰኞ የወለደችውም እሷው ናት።

ውለታዎ ብዙ ስለሆነ አንዱም እንዳይዘነጋብኝ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. ስለ ግብዣው እናመሰግናለን። ፋብሪካው የተመሠረተበት ቀን ሲከበር፣ ከዋና ከተማው ከሱቫ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ስለመጡ፣ ሁለት አሳማና አንድ ጋሪ ጎደሬ ገዝተው ሜዳው ላይ ሎቮ፣ የምድር ምድጃችን፣ እንዲቀበር ማዘዝዎ አይረሳም። ጉድጓዱን የቆፈሩት፣ ድንጋዩን ያጋሉት፣ ሥጋውን በቅጠል ጠቅልለው አፈር ያለበሱት አባባ ሰሚሲ ናቸው፤ በዚህ አገር ሰርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው እጅ አይበላም። እንግዶቹ አውሮፕላን ይይዛሉ ተብሎ ምድጃው ከሰዓቱ ቀድሞ እንዲከፈት ሲያዝዙ አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ገና ነው አለቃ፤ ድንጋዩ ሥራውን አልጨረሰም» አሉ አባባ ሰሚሲ።

«አባባ፣ አውሮፕላኑ የእርስዎን ድንጋይ አይጠብቅም። ይክፈቱት!» አሉ እርስዎ።

ተከፈተ። ጎደሬው ቢላ አያስገባም፤ አሳማው አጥንቱ ሥር ደም እንደቋጠረ ነው። እንግዶቹ ባዶ ሳህን ታቅፈው እርስዎን እርስዎን ያያሉ። መቼም ሎቮ ጥሬ ሲወጣ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ መሃላችን ማርገዟን የደበቀች ሴት አለች ይባላል። ጨዋታ ነው፤ ሴቶቹም ወዲያው ጀመሩት።

«ማናት? ተናገሪና እንብላ!»

«ቫሲቲ ናት! ከጠዋት ጀምሮ ሎሚ በጨው ስትልስ አይቻታለሁ!»

«ሎሚው በነፃ ሲሆን ባሌም ያረግዛል፣ ዝም በይ!»

ተሳቀ፤ ቅጠሉ ተመልሶ ለበሰ፤ ከሰዓት በኋላ አሳማው በስሎ ተበላ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እርስዎ ግን አልሳቁም። ፊትዎን አይቼዋለሁ። እንግዶቹ ፊት ያፈሩበትን ነገር የሚሸከምልዎ ሰው እየፈለጉ ነበር።

2ኛ. ስለ ትጋትዎ። በማግስቱ ከሃምሳ ዓመት በታች ያለን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ቢሮዎ ተጠራን። ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም «አንቺስ? አርግዘሻል?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ወጣት አድርጎ ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎትና፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

የኡናይሲ ተራ ደረሰ። አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ለእኔና ለባሏ ብቻ ነበር የነገረችው፤ እሱም አብዛኛውን ወር ባሕር ላይ ነው። የደበቀችው ከእርስዎ አይደለም። አምና ስድስት ወር የሞላው ፅንስ ጠፍቶባታል፤ ያኔ ለአገሩ ሁሉ ነግራ፣ ስም እንኳ አውጥታለት ነበር። ዘንድሮ አፏን ዘግታ እየጸለየች ነበር የምትውለው። ሲጠይቋት አልዋሸችም፤ እርስዎም እንደ አባት ሆነው እንዲህ አሏት፤ ቃል በቃል ነግራኛለች፦ «ልጄ፣ መደበቅ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። ከማባርርሽ በራስሽ ፈቃድ ልቀቂ። ስምሽ ንጹሕ ይሆናል፤ ስትወልጂ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።» ወረቀቱ ተጽፎ፣ ቀኑ ተሞልቶ፣ የስሟ ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ለሠራተኛው እንዲህ አስቀድሞ የሚያስብ ቢሮ የት ይገኛል?

ፈረመች።

3ኛ. ሕግ ስላስተማሩን። በሳምንቱ የወሊድ ክፍያዋን ልንጠይቅ አብረን ስንመጣ ከወንበርዎ ሳይነሱ፦ «የወሊድ ክፍያ የሠራተኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ሠራተኛ አይደለችም። ራሷ ናት የለቀቀችው። እኔ ምን ላድርግ እትዬ?» አሉኝ። እትዬ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ኡናይሲ ደጅ ስንወጣ ግድግዳውን ተደግፋ፦ «አክስቴ፣ ያ ገንዘብ እኮ የመኝታ ቤት ኪራዬ ነበር» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፤ የማወራው ሲበዛብኝ ቁጥር አልወድም።

ስለ ኪራዩ ላስረዳዎ። አምና ፅንሱ ሲጠፋ ሐኪሟ አስጠንቅቋታል፤ ዳግመኛ ካረገዘች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሆስፒታሉ አጠገብ መቀመጥ አለባት፣ ምጥ ከመንደር እንዳይነሳ ብሏል። ከመንደራችን ላምባሳ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም ወንዙ ከፈቀደ። በጃንዋሪ ደግሞ ወንዙ አይፈቅድም። ስለዚህ የወሊድ ክፍያው የዳይፐርና የወተት ጉዳይ አልነበረም። ከወንዙ ወዲያ ወይም ወዲህ የመሆን ጉዳይ ነበር። ይህን እርስዎም ያውቁ ነበር፤ የሐኪሙን ማስጠንቀቂያ ነግራዎት ነው የፈረመችው።

እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ወሬ ግን አውቃለሁ። ወሬዬን ይዤ ከተማ፣ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ወይዘሮ ቪድያዋቲ የሚባሉ፣ አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሹም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ በመሃል ምሳቸው ቀዘቀዘ። በኖቬምበር ሁላችንንም ጠርተው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። እዚያ ላይ ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የእርስዎን ያህል የረዳን ጠበቃ የለምና። እርስዎ በገዛ እጅዎ፣ ማኅተም ያለበት ሪፖርት ከቦርሳዎ አውጥተው ሰጧቸው። ወይዘሮዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንዴ በልባቸው፣ አንዴ ጮክ ብለው።

«አቶ ዋቲሶኒ፣ መፀነሷን በምን አወቃችሁ? የሐኪም ወረቀት አለ?»

«በሪፖርቱ ተገልጿል።»

«ሪፖርቱ የሚለው፣ የምድር ምድጃው ጥሬ ሆኖ በመገኘቱ በሴት ሠራተኞች ላይ ማጣራት ተደረገ ነው።»

«አዎ።»

«ጎደሬው ነው የነገራችሁ?»

«እመቤቴ፣ እርስዎ የእኛን ባህል ስለማያውቁት ነው…»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት አቶ ዋቲሶኒ፤ አያቴም እዚሁ ነው የተቀበረው። የጥሬ ጎደሬውን ጨዋታ ከእናንተ እኩል ስቄበታለሁ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ተመትቶበት ሳየው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። በራሷ ፈቃድ የምትለቅ ሴት ራሷ መጥታ ትለቃለች እንጂ ፈልገው አያገኟትም፤ እርስዎ ፈልገው እንዳገኟት፣ አግኝተውም ወረቀት እንደሰጧት፣ በገዛ ማኅተምዎ ጽፈውልናል አሉ። መልቀቂያው ውድቅ ሆነ፤ ኡናይሲ ሠራተኛ እንደሆነች ቀረች፤ የወሊድ ክፍያዋም ተከበረ። የገና በዓል ሳይደርስ ላምባሳ ክፍል ተከራየችና ተቀመጠች።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመልስዎ። ሰኞ ማታ ወንዙ ድልድዩን ዋጠው። መንደራችን ከዓለም ተቆርጣ አደረች። ኡናይሲን ምጥ የያዛት ያን ሌሊት ነው፤ ከተከራየችው ክፍል እስከ ሆስፒታሉ በር በእግሯ ተራምዳ ገባች። ልጅቱ ከመጣች በኋላ ደሙ አልቆም አለ። እኔ ከእሑድ ጀምሮ እሷ ጋ ስለሰነበትኩ እዚያው ነበርኩ፤ የሚሆነውን ሁሉ አይቻለሁ፤ አልነግርዎትም። ሲነጋ ወጣቱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ወጣና፦ «ድናለች። መንገድ ላይ ብትሆን ኖሮ ግን…» አለኝ። አልጨረሰውም። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም። ያልጨረሰውን ዓረፍተ ነገር ለእርስዎ ይዤልዎት መጥቻለሁ፤ የእርስዎ ስለሆነ በአደራ ይቀበሉኝ። ቢሮዎ ብቻዎን ሲቀመጡ ይጨርሱት።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ቪድያዋቲ ሰው ሲያስቡ በጥልቀት ነው የሚያስቡት። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ያለፉት ስድስት ዓመታት የመልቀቂያ ፋይል እንዲላክላቸው እንደጠየቁዎት ሰምተናል፤ እርስዎ ዘግይተው ቢልኩም ደርሷል። አሥራ አራት ደብዳቤ ነው። አሥራ አራቱም የሴት ነው። አሥራ አራቱም «በራሴ ሙሉ ፈቃድና በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» ይላል፤ አንዲት ቃል እንኳ አይለያይም። እኛ ደግሞ እያንዳንዷን በስም እናውቃታለን፤ ስንተኛ ወሯ ላይ እንደነበረችም ጭምር። አንዷ አካኒሲ ናት። አካኒሲ ክፍል የምትከራይበት ስላልነበራት የወለደችው የጎርፍ ቀን፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ስለ ልጇ እኔ ምንም አልጽፍም። ራሷን ይጠይቋት፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብር ቦታው በስተግራ፣ ከትንንሾቹ ረድፍ አያጧትም።

ሴቶቹ ይህን ከሰማን ወዲህ እንዳልተቆጣን ላረጋግጥልዎት እወዳለሁ። ማንም አልጮኸም። ማንም ቢላ አልጣለም። ብቻ ድሮ ዓሣ ስንገፍፍ እንዘፍን ነበር፤ አሁን አንዘፍንም። መቶ ስልሳ ሴት፣ ቢላው ሰሌዳው ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚሰማው። ፎርማኑ ባለፈው ሐሙስ፦ «እባካችሁ ምን ሆናችሁ? አንድ ነገር በሉ እንጂ!» ብሎ ለመነን። ቫሲቲ ቀና ብላ አየችውና፦ «እየሠራን ነው ጌታዬ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እኛ ባለንበት በኩል አያልፍም። እርስዎም ቢሆኑ በዋናው በር መግባት እንደተዉ አስተውለናል፤ የጀርባው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ጫማዎ እንዳይበላሽ ብለን ነው የምንሰጋው።

ይህን ደብዳቤ በማውጣቴ የሚደርስብኝን አውቃለሁ። የእኔም መልቀቂያ ተጽፎ፣ ቀኑ ተሞልቶ ይጠብቀኝ ይሆናል። ቸኩለው አይጥሩኝ፤ ስመጣ ብቻዬን አልመጣም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ንጹሕ ኅሊና፣ የማያቃዥ እንቅልፍ፣ በመሥሪያ ቤት ማኅተምዎ ላይም የማያልቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ስሜን ከዛሬ ጀምሮ የማይረሱት፣

ሳላኒየታ ማታይ
ሦስተኛ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ በኩል

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የበኩር ልጅ ፊት ለእናት ወገን የሚታይበት ቀን ተቆርጧል። ምንጣፉ ተዘርግቷል፤ በክብር ስጦታ የሚቀርበው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ተወልውሏል፤ ዘፈናችንንም ለዚያ ቀን አቆይተነዋል። ወይዘሮ ቪድያዋቲ እመጣለሁ ብለዋል። አሥራ አራቱም ሴቶች ይመጣሉ፤ አካኒሲ ልጅቱን የምታቅፈው የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያው ቀን ትልቁ መርከብ ሆዱ ሙሉ ቱና ጭኖ እንደሚገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብበናል፤ በትርፍ ሰዓት መዝገቡ ላይ ደግሞ የአንዲትም ሴት ስም እንደሌለ እርስዎ አንብበዋል። ዓሣ በዚህ ሙቀት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ እርስዎም መርከቡን ትተው ይምጡ፤ ፊቷን ቀርበው እንዲያዩት ከፊት ለፊት ወንበር ለይተንልዎታል። ናቩኒ መንደር፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 3። ማንም እንዳይቀር።