የራሱን ሶኬት እየጠባ እንዲሞላ ስለታዘዘው የጀልባ ባትሪ

ለተከበሩ የወደቡ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከቢሮዎ መስኮት ሥር ውኃ የሚያንጠባጥበውን አዲሱን ማቀዝቀዣ ሳይ፣ የሰሞኑ ሙቀት እንዳልደፈርዎ ተረድቼ ደስ ብሎኛል። እኔ እናቴን ለኩላሊት እጥበት በሕዝብ ጀልባ ወደ ማዶው ሆስፒታል የማመላልስ ልጅ ስሆን፣ የምጽፍልዎ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው።

፩. የጀልባው ባትሪ ይሞላበት የነበረውን የወደቡን የመብራት መስመር ነቅለው ለማቀዝቀዣዎ ስለቀጠሉት አመሰግናለሁ። በእኛም አልጨከኑም፤ ከጀልባው መሪ ሥር ስልክ የምንሰካባት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሶኬት ስላለች የባትሪው ቻርጀር እሷ ላይ ይሰካ ብለው አዘዙ። ሶኬቷ ኃይል የምታገኘው ከዚያው ከባትሪው መሆኑ ምን ቁም ነገር አለው? ላምም ኃላፊ ካዘዛት የራሷን ጡት ጠብታ ትወፍር ይሆናል።

፪. በሙከራው ዕለት የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ቦግ ሲል ያጨበጨቡ ሠራተኞችዎም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገሩ ጠንቅቆ የሚገባው ሞተረኛ ሳይቀር አጨብጭቧል። ከሁሉ ያንገሸገሸኝ ያ ጭብጨባ ነው።

፫. ባለፈው ሰኞ ጀልባው ሐይቁ መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ ሞተሩም ጥሩምባውም አብረው ዝም አሉ። ጀልባው ውስጥ በነበረችው አንዲት መቅዘፊያ እየተፈራረቅን ማዶ ስንደርስ የእናቴ ተራ አልፎ፣ ማሽኑ ለሌላ ሕመምተኛ ተሰጥቶ ነበር። እሷ ግን የዋህ ናትና፣ ኃላፊው አልሰሙ ይሆናል፣ ሄደሽ ንገሪያቸው አለችኝ። መጥቼ ደጅ ጠናሁ። ጸሐፊዎ ባትሪው ሙሉ ስለመሆኑ ሪፖርት እንደቀረበልዎ በትሕትና አስረድታ ሸኘችኝ።

አሁን እናቴ ፊቷም እግሯም አብጧል፤ ያንን ጀልባ ዳግመኛ አልረግጥም ብላለች። ካልታጠበች ምን እንደምትሆን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እርስዎም ሳያውቁ እንዳይቀሩ ልንገርዎ። ትሞትብኛለች።

ማቀዝቀዣው በዝቶብዎ ብርድ እንዳይመታዎ ዘወትር የምትሳሳልዎ፣
ትእዛዝዎን አክባሪ፣ የአንዲት ሕመምተኛ ልጅ

ይህንንም ልጨምር፦ በመጪው ሐሙስ ከነቤተሰብዎ በሐይቁ ላይ ለመንሸራሸር ጀልባውን እንዳዘዙ ሰምቻለሁ። ባትሪው እንደ ትእዛዝዎ በገዛ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ያድራል፤ አረንጓዴው መብራትም ይበራልዎታል። መቅዘፊያዋን ግን አይፈልጓት። በዚያው ዕለት እናቴን በጎረቤታችን ታንኳ ስለማሻግር እኔ ዘንድ ናት።