የአሥራ ሁለት ዓመት መዝገብ በአንድ ትእዛዝ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ማሽኖችዎም ሙሉ ጤነኛ እንዲሆኑ እመኛለሁ። ምናልባት ካመመዎት ግን መዝገብ በሚጸዳበት ቀን ወደ ሆስፒታልዎ እንዳይመጡ እመክራለሁ።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር፣ ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አስም የተነሣበትን ታላቅ ወንድሜን ደግፌ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ስለ መስተንግዶው ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ “ሲስተም የለም” ስላሉን አመሰግናለሁ። ካርድ ካልወጣ ሐኪም እንደማያይ፣ ሐኪም ካላየም ኦክስጅን እንደማይሰጥ በትሕትና አስረድተውናል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። ወንበሩ ንጹሕ ነበር።

፪. ወንድሜ በውኃ መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ ባለሙያ ነበር። በመስኮቱ በኩል ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ሲያይ ቆይቶ፣ በየቃሉ መካከል እያረፈ፣ አንድ ሰው በሥራ ሰዓት መዝገብ እየሰረዘ እንደሆነና ሳያላምጥ ሁሉን ባንዴ እንደጎረሰ ነገረኝ። እኔ ሣቅሁ፤ እሱም ሊሥቅ ሞከረ። እሱን የመረመረ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ማሽናችሁን መርምሮ ሕመሙን አገኘ።

፫. ከወንድሜ ቀብር በኋላ መጥቼ ስጠይቅ አንድ ባለሙያዎ እውነቱን ነገረኝ፤ እሱን ያለ ቀልድ አመሰግናለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት አሮጌ መዝገብ እንዲሰረዝ በአንድ ትእዛዝ ታዟል። ማሽኑም እስኪጨርስ ድረስ መዝገቡን ቆልፎ ሌላውን ሁሉ ደጅ አስጠና። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሠራ በኋላ አንድ ሰው ሰልችቶት ማሽኑን አጠፋው። በአንድ ትእዛዝ የተጀመረ ስረዛ መሐል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ማሽኑ ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሳል። መልሶ እስኪጨርስም መሸ። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ከመዝገባችሁ አንድም መስመር አልጠፋም። ከእኛ ቤት የጠፋ አለ።

ወንድሜ እራት ላይ ሥራውን ያስረዳኝ ነበር። እሱ አንድ ሺህ መስመር ይሰርዝና ወረፋ የያዘው እንዲያልፍ ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያ ሌላ ሺህ ይሰርዛል። ቢቋረጥም የተሰረዘው ተሰርዞ ይቀራል፣ በመሐልም ማንም አይጉላላም። ይህን ያህል ሊቅነት አይጠይቅም፤ እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል።

እናቴ ስለ ዳታቤዝ የምታውቀው ነገር የለም። የወንድሜን ልብስ ከቁም ሣጥኑ የምታወጣው ግን በየቅዳሜው አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። ከዚያ ትዘጋውና ውኃ ትጠጣለች፤ ስጠራትም አቤት ትላለች። ባንዴ ብታወጣው ኖሮ አቤት የምትል አይመስለኝም። ሦስት መደርደሪያ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ያልተሳካው ጽዳት በሚመጣው ሐሙስ፣ በዚያው በአራት ሰዓት፣ እንደሚደገም በር ላይ ለጥፋችኋል። በዚያው ቀን በአራት ሰዓት እናቴ የደም ግፊት ቀጠሮ አላት። የተከበሩ ኃላፊ፣ ሺህ በሺህ ያድርጉት። ይህ ከብዶ ከተገኘም የካርድ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ቢቀመጥ፣ ሲስተሙ እስኪመጣ የሰው ስም ሊጻፍበት ይችላል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ካርዱ ያልወጣለት ሰው ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ትናንት በወንድሜ ስልክ፣ ሐሙስ የአስም ክትትል ቀጠሮ እንዳለው የሚያስታውስ መልእክት ከእናንተ ደርሶናል። ስላሰባችሁት እናመሰግናለን፤ አይመጣም። የእሱን መዝገብ በፈለጋችሁት ሰዓት ሰርዙት። አንድ መስመር ስለሆነ ማንንም አያስጠብቅም።