«ያላገባ» የሚለው ሣጥን

እርስዎ፣

ሩዙ ማብሰያው ውስጥ ነው፤ ምስሩን ያሙቁት። ጨው ካነሰው ይቅርታ።

የግብር ቅጹ ጠረጴዛው ላይ አለ። ትናንት «ያላገባ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገውበት አየሁ። ምነው ስልዎት፣ «አንቺ እኮ በእኔ ቪዛ ነው የመጣሽው፤ ሥራም የለሽ፣ አትቆጠሪም» አሉኝ።

የሂሳብ ባለሙያውን አቶ ናራያናን ጠየቅኳቸው። «ሥራ ባይኖራትም ሚስት ሚስት ናት፤ በጋራ ሙሉና ሁለታችሁም ፈርሙ» አሉ።

እኔ «በጋራ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈርሜያለሁ። የእርስዎ ቦታ ክፍት ነው።

ፓስፖርቴን ወስጃለሁ፤ ቁልፉ ጫማ መደርደሪያው ላይ ነው። ዳላስ እህቴ ጋ ነኝ። አይደውሉ።

ባል በስሙ አይጠራም ተብዬ ስላደግሁ፣ ስድስት ዓመት ስምዎን ጠርቼ አላውቅም። ያላገባ ሰው ግን በስሙ ይጠራል።

ደህና ሁን፣ ፋኒንድራ።