አርባ ኩሽኔታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
የመለዋወጫ ስቶሩ ጣሪያ አሁንም ያንጠባጥባል። ከአርባው ኩሽኔታ ስድስቱ ወጪ ሆነ፤ ካርዱ ላይ ጻፍኩ።
ከሰዓት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ካርድ ቀርቶ ኮምፒውተር ሊገባ ነው። ሁለት የስቶር ሠራተኛ፣ አንድ መደብ፣ በፈተና። ወይ እኔ ወይ ቀጀላ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ስልጠና። አስተማሪዋ ፌኔት የልጄ እኩያ ናት።
"ቫሪያብል ስም የተለጠፈበት ሳጥን ነው፣ እትዬ ብዙወርቅ። ስም ያወጡለታል፣ ከዚያ ቁጥር ይከቱበታል።"
ቀሪ = 40 ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ይገባል። ስድስት ሲወጣስ? ቀሪ = ቀሪ - 6 አለች።
"ስድስት ተቀንሶበት እንዴት ራሱን ያክላል?"
"ያክላል አላልኩም። መጀመሪያ በቀኝ ያለውን ያሰላል፣ ውጤቱን በግራው ሳጥን ይከታል።"
"አርባውስ?"
"ይጠፋል።"
ይጠፋል! ካርድ ላይ ቁጥር መቼ ይጠፋል? በመስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ድሮ እዚሁ ስቶር የነበረው አሻግሬ የተባረረው ካርድ ላይ ቁጥር በምላጭ ፍቆ አይደል እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። ለእያንዳንዱ ወጪ አዲስ ስም አወጣለታለሁ... ቀሪ1፣ ቀሪ2፣ ቀሪ3። ቀሪ ስንት ነው ስለው አርባ ይለኛል። ከሦስቱ ወጪ በኋላ መደርደሪያው ላይ ያለው ሃያ አምስት። እጄ አሮጌውን መጣል አልቻለም። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ቀረሁ። ቀጀላ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ሳቀብኝ።
"ሃያ ሁለት ዓመት በበሩ ስትገቢ ሰሌዳው አይታይሽም?"
"የምን ሰሌዳ?"
"ጥበቃዎቹ ግቢ ውስጥ ያለውን መኪና ብዛት የሚጽፉበት። አንድ ሲወጣ ሰባቱን በእጅጌያቸው ጠርገው ስድስት ይላሉ። ይሄ ካርድ አይደለም፣ ሴትዮ። ሰሌዳ ነው። ጥረጊው!"
ጠረግኩት፤ ቀሪ = ቀሪ - 6 ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ አራት አለ!
ለምን ነገረኝ? መደቡ አንድ መሆኑን ያውቃል። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ፈተና። አርባ ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ሲቀር ጨረስኩ። ቀጀላ በአንድ ጣት ነው የሚመታው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንገቱን አስግጎ ይፈልጋል። ወደ እኔ ዞረ።
"የመቀነሷ ምልክት የት ናት?"
ፌኔት ውጭ ስልክ እያነጋገረች ነበር። የሚሰማ አልነበረም።
ሳልነግረው ፊቴን ወደ ኮምፒውተሬ መለስኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
አንድ ስም ተለጠፈ። የእኔ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ካርዶቹን በሲባጎ አስሬ አስረከብኩ። ቀኑን ሙሉ ስጠርግ ስጽፍ ዋልኩ። እጄ ለምዷል።
ቀጀላን በር ላይ መድበውታል፣ ጥበቃ። ስወጣ ሰሌዳው ሥር ቆሟል። የሰማያዊ ካፖርቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። ቦርሳዬን ከፍቼ ለፍተሻ ሰጠሁት። ሳያይ መለሰልኝ።
"ከዜሮ ቀጥላ ናት" አልኩት።
"ምኗ?"
"የመቀነሷ ምልክት።"
አየኝ። የጭነት መኪና ከኋላዬ ጥሩንባ ነፋ። በሩን ከፈተለት። ከዚያ ዞሮ ሰባቱን በእጅጌው ጠረገና ስድስት ጻፈ።