ከብቸና ሞጣ በሰማይ

ልጄ ስርጉት፣ ዓለሜ፣

ከተለየሽን አስር ወር ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ያለሽበትን አውቀዋለሁ። ስትገቢበት ግን አላየሁም።

የቤቱን ልንገርሽ። አጥሩ ዳር የተከልሽው ኮክ አፈራ፤ የሚበላው ጠፍቶ ወፍ ጨረሰው። አልጋሽን እናትሽ አስፈታችው። እሷ ስልክ ማንሳት ትታለች፤ ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህትሽ ከብቸና ሞጣ በአውሮፕላን ስንት እንደሆነ ስልኳ ላይ አየች። በቀጥታ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው አለችኝ። ከሁለቱም ከተማ የሚነሳ አውሮፕላን የለም፤ ስልኩ ግን ለዚህ ደንታም የለው። ሩብ ሰዓት! ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

የዛሬ አስር ወር፣ ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አጎትሽ ከሞጣ ደወለ። ስርጉትን ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል አለኝ። ታውቂኝ የለ፣ ወረቀት አውጥቼ የምይዘውን ጻፍኩ፦ ጋቢ፣ ጠበል፣ የአጥሚት ዱቄት፣ ተልባ፣ ማር። ማር ከቤት አልቆ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ የወጣው አምስት ሰዓት ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ሹፌሩን ለምኜ ወረድኩ። አንዱ ማር ቀይ ሆነብኝ፣ አንዱ ስኳር የገባበት መሰለኝ፤ ስቀምስ ስመርጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። አንዷ ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሰውዬው ሰርግ ሊደግሱ ነው እንዴ፣ ጠጅ እስኪጥሉልን እንጠብቃቸው አለች። ለታመመች ልጄ ነው፣ ታገሱኝ አልኩ።

ሞጣ ስደርስ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። ማን ሞቶ ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ማሩን እንደያዝኩ።

ለካ ስልኩ ሲደወል አንቺ አርፈሻል። አጎትሽን ለምን ደበቅከኝ አልኩት። ደም ግፊት አለብህ፣ መንገድ ላይ ትቀርብን ነበር አለኝ። ለምን አልጠበቃችሁኝም አልኩት። ካህናቱ እስኪቆጡን ጠበቅንህ፣ በግማሽ ሰዓት አመለጠህ አለ። እስከ ዛሬ አላናገርኩትም። እውነቱን ቢነግረኝ ማር እመርጥ ነበር?

ሞጣ አስተማሪ ሆነሽ ስትመደቢ በየከተማው ካልደወልሽ አላርፍም ነበር። አባዬ፣ ደብረ ወርቅ ገብቻለሁ፤ አባዬ፣ ግንደ ወይን ገብቻለሁ፣ በል አሁን ተንፍስ እያልሽ ትስቂብኛለሽ። ስጋቴ አንቺን ያስቅሽ ነበር። እነሱ ደግሞ ለዚሁ ስጋቴ ብለው ዋሹኝ።

አሁን እናትሽ ስልክ የማታነሳበትን ልንገርሽ። ያን ቀን ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ሆኜ ደወልኩላት። እንዴት ናት አለችኝ። አፌ መርዶ እምቢ አለ። ተሽሏታል፣ ማሩንም ቀመሰች አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶች ሊያረዷት ሲገቡ፣ ይዞሽ ይመጣል ብላ አልጋሽን አንጥፋ ነበር።

አጎትሽ የዋሸኝ አሟታል ብሎ ነው። እኔ ሞተሽ ማር አበላሁሽ። ታዲያ እሱን በምን አፌ ልቆጣ? ግን እቆጣለሁ፣ አልበርድ አለኝ።

ለሙት ዓመትሽ ከእናትሽ ጋር እንመጣለን። ደብረ ወርቅ ላይ አልወርድም። የዚያን ቀን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከዝርዝሩ አንድም አልሰረዝኩም፣ እስክሞት አልሰርዝም። ደብረ ወርቅ ገብቻለሁ እልሻለሁ፣ ግንደ ወይን ገብቻለሁ እልሻለሁ። ሞጣ ስገባ የምለውን ግን አላውቅም።

በግማሽ ሰዓት የቀደምሽው አባትሽ